ሬቲና በዕጢ ምክንያት ሲላቀቅ፦ ዓይን ውስጥ የሚቀመጠው ስቴሮይድ የሚሠራውና የማይሠራው

ስቴሮይድ ለሃብሩ ወረዳ ነዋሪ እንግዳ መድኃኒት አይደለም። በመርሳና በዙሪያዋ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ሙቀትና አቧራ በሚበረታበት ወቅት ዓይናቸው እየቀላ የሚያሳክካቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የዴክሳሜታዞን ጠብታ ማሳከኩን በጥቂት ቀናት ስለሚያስታግሥ በእናቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከአንዱ ልጅ የተረፈው ለታናሹ ይደረጋል። ጠብታው ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ሲወሰድ የዓይን ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግና የዓይን ሞራ እንደሚያስከትል የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያው መድኃኒት በሌላ መልክ ሲመጣ ነው። ዴክሳሜታዞንን በምትሟሟ ቅንጣት አሽጎ በመርፌ ወደ ዓይን ውስጥ ማስገባት ከተፈቀደ እነሆ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘዴው መጀመሪያ የታሰበው ለሌሎች የሬቲና ሕመሞች ቢሆንም፣ በዓይን ውስጥ ካንሰር ምክንያት ሬቲናቸው ለተላቀቀባቸው ሕሙማንም በአንዳንድ የውጭ አገር ማእከላት ሥራ ላይ ውሏል። ወሬው ወደ እኛ ሲደርስ ግን ተቆርጦ ይደርሳል። «ለዓይን ካንሰር መርፌ ተገኘ» ሲባል የሰማ ወላጅ፣ የልጁ ዓይን በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ሲነገረው «መርፌው እያለ ስለ ምን ዓይኗ ይወጣል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል። መልሱ የሚጠበቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ሐኪም ሳይሆን፣ ቤተሰቡ በቅርብ ከሚያገኘውና ከሚያምነው የጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ባለሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእርሱ የተዘጋጀ ነው።

ሬቲና ስለ ምን ይላቀቃል?

ሬቲና የዓይንን የውስጥ ግድግዳ የለበሰ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጥ ስስ ሽፋን ነው። ከበስተኋላው ጥቁር ቀለም ያዘለ አንድ ረድፍ ሴል አለ፤ ከዚያም ኋላ ኮሮይድ የሚባለው፣ በደም ሥር የተሞላው ሽፋን ይገኛል። ሬቲናን በቦታው የሚያጸናው በዋነኛነት ባለ ቀለሙ የሴል ረድፍ ነው፤ ይህ ረድፍ ሌት ተቀን ፈሳሽ እየመጠጠ ወደ ኮሮይድ ስለሚያሻግር ሁለቱ ሽፋኖች ተጣብቀው ይኖራሉ።

የምርጊት ቤት የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የግድግዳ ልስን ተሰንጥቆ በስንጥቁ ውኃ ከገባበት ይለቃል፤ የሆነ ነገር ከላዩ ይዞ ከጎተተውም ይለቃል፤ ምንም ሳይሰነጠቅ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ እርጥበት ሲመጣበት ያብጥና ይነሣል። ሬቲናም እንዲሁ ነው። በዕድሜ፣ በከፍተኛ የቅርብ እይታ ወይም በአደጋ ምክንያት ተቀድዶ በቀዳዳው ፈሳሽ ሲገባበት የሚላቀቀው የመጀመሪያው ነው፤ ይህ ቶሎ በቀዶ ሕክምና ካልተጠገነ ዓይን ያሳጣል። በስኳር በሽታ የተነሣ የተፈጠረ ጠባሳ ጎትቶ የሚያነሣው ሁለተኛው ነው። ስቴሮይድ የሚመለከተው ሦስተኛውን፣ ማለትም ቀዳዳ ሳይኖር ከኋላ የመነጨ ፈሳሽ የሚያሳብጠውን ነው።

ይህ ሦስተኛ ዓይነት የሚታወቅበት አንድ ጥሩ ምልክት አለው። ፈሳሹ ነጻ ስለሆነ ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ወደ ታች፣ በጀርባው ሲተኛ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ያበጠው ሬቲና ቦታም አብሮ ይለዋወጣል። የላቀቀው ሬቲና ገጽም እንደ መጀመሪያው ዓይነት የተጨማደደ ሳይሆን ለስላሳ ነው። ቀዳዳ ለመድፈን የሚደረገው ቀዶ ሕክምና እዚህ ላይ ሥራ የለውም። የሚደፈን ቀዳዳ የለምና።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት እርጥበቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ካንሰር ብቻ አይደለም የሚያመጣው። በሰሜን ወሎ የሚሠራ ባለሙያ ከሁሉ ቀድሞ ሊያጋጥመው የሚችለው ምናልባት የነፍሰ ጡሯ ይሆናል፦ ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ያለባት ሴት እይታዋ ድንገት ሊደበዝዝ፣ ሬቲናዋም ሊላቀቅ ይችላል፤ ከወለደችና ግፊቷ ከተስተካከለ በኋላ ግን ባመዛኙ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። ቮግት-ኮያናጊ-ሐራዳ የሚባለው የሰውነት መከላከያ መዛባት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ይይዛል፤ ራስ ምታትና የጆሮ ጩኸት ይቀድመዋል፤ ከወራት በኋላም የቆዳ ንጣትና የሽፋሽፍት ሽበት ሊያሳይ ይችላል። ይህኛው ከፍ ባለ መጠን በሚሰጥ ስቴሮይድ በደንብ ይታከማል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ኮሮይድ ላይ እብጠት ሊያበቅል ይችላል፤ እዚህ ላይ ስቴሮይድን ያለ ነቀርሳ መድኃኒት ብቻውን መስጠት ጉዳት ነው።

ዕጢዎቹ ሲመጡ መልኩ ይለወጣል። የዕጢ ደም ሥር በተፈጥሮው ያፈስሳል፤ ፈሳሹም ባለ ቀለሙ የሴል ረድፍ መጥጦ ከሚችለው በላይ ይሆናል። በአዋቂዎች ከዓይን ውስጥ ከሚነሡት ካንሰሮች ዋነኛው የኮሮይድ ሜላኖማ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው 5 ያህሉን ይይዛል፤ በጥቁር ሕዝብ ላይ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ከጡትና ከሳንባ ካንሰር ተነሥቶ ወደ ኮሮይድ የሚሠራጨውም አለ። ስለዚህ የጡት ካንሰር የታከመች ሴት «ዓይኔ ጋረደኝ» ስትል መነጽር ከማዘዝ በፊት የዓይኗን የኋላ ክፍል ማየት ያስፈልጋል። ካንሰር ያልሆነው የኮሮይድ የደም ሥር ዕጢም ፈሳሽ ያመነጫል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ መደናገር ላጥራ። በምሥራቅ አፍሪካ አዋቂዎች ላይ «የዓይን ካንሰር» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከዓይን ውጭ ገጽ፣ ከነጩ ክፍል ሽፋን ላይ የሚበቅለው ነው። ከፀሐይ ጨረርና ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘ ነው። ቀደም ብሎ ከተቆረጠ ይድናል። ሬቲናን አያላቅቅም፤ የምንነጋገርበት ቅንጣትም እርሱን አይመለከትም።

ቅንጣቷና ሥራዋ

ስቴሮይድ በሕክምና ታሪክ ፈጥነው ዝና ካገኙ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ኮርቲዞን ለመገጣጠሚያ በሽታ ሲሠራ መታየቱ ለፊሊፕ ሄንችና ለሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ለዓይን የኋላ ክፍል ግን መድረሻ መንገዱ አስቸጋሪ ነበር። ጠብታ እስከ ሬቲና በበቂ መጠን አይደርስም። በአፍ የሚወሰደው ይደርሳል፤ ነገር ግን መላ ሰውነትን አቋርጦ ስለሚሄድ የደም ስኳርን፣ የደም ግፊትን፣ አጥንትን ይነካል። ታድያ መድኃኒቱን እዚያው ዓይን ውስጥ አስቀምጦ ቀስ በቀስ እንዲለቅቅ የማድረግ ሐሳብ ከዚህ ችግር የተወለደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው የስቴሮይድ ማስቀመጫ ፍሉኦሲኖሎን የያዘ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ከዓይን ግድግዳ ጋር ተሰፍቶ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦዙርዴክስ በሚል ስም የወጣው የዴክሳሜታዞን ቅንጣት ቀዶ ሕክምናን ወደ መርፌ ለወጠው። ቅንጣቷ 0.7 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይዛለች። ርዝመቷ 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ የስንዴ ፍሬ ያህል ነው፤ ውፍረቷ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ስንዴ ሳይሆን የሰበዝ ስንጣሪ ትመስላለች። መድኃኒቱ የተለወሰበት ቁስ በቀዶ ሕክምና ክፍል ከምናውቀው የሚሟሟ የስፌት ክር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ይጠፋል፤ ማውጣት አያስፈልግም። ኃይሏ በሁለተኛው ወር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ይደክማል። የተፈቀደችው በሬቲና የደም ሥር መዘጋት ለሚመጣ እብጠት፣ ቀጥሎ ለዓይን ውስጥ ብግነት፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህም ለስኳር በሽታ የሬቲና እብጠት ነው።

በዕጢ ምክንያት ለተላቀቀ ሬቲና መዋሏ ከዚህ ዝርዝር ውጭ፣ በሐኪሙ ኃላፊነት የሚደረግ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰች ለመረዳት ሜላኖማ እንዴት እንደሚታከም ማየት ይጠቅማል። ለረጅም ዘመን ሕክምናው ዓይንን ማውጣት ብቻ ነበር። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የተካሄደው ሰፊ የዓይን ሜላኖማ ጥናት መካከለኛ መጠን ያለው ዕጢ የነበራቸውን ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ የግማሾቹ ዓይን ወጣ፤ የግማሾቹ ዓይን ሬድዮአክቲቭ አዮዲን በያዘች ትንሽ ሳህን ታከመ። ሳህኗ ከዕጢው በስተጀርባ በዓይን የውጭ ግድግዳ ላይ ተሰፍታ ለጥቂት ቀናት ትቆይና ትነሣለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ሲታተም በሁለቱ ወገኖች የመሞት መጠን መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ዓይንን አድኖ ዕጢውን መግደል የተለመደ ሆነ።

የዳነው ዓይን ግን ሁልጊዜ የሚያይ ዓይን አይደለም። በጨረር የተመታ ዕጢ እየሞተ ሳለ ከቀድሞው የበለጠ ፈሳሽ ሊያመነጭ ይችላል፤ የተጎዱት ደም ሥሮችም ያፈስሳሉ። ሬቲናው በሙሉ ከተነሣና ለወራት ከቆየ ብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ ይሞታሉ። ቀጥሎም በዓይን የፊት ክፍል አዲስ ደም ሥር በቅሎ የሚያሠቃይ ግላኮማ ሊመጣና በጨረር የተረፈው ዓይን በሕመሙ ምክንያት ሊወጣ ይችላል። ስቴሮይዱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የደም ሥሮቹን ግድግዳ ያጠብቃል፤ ብግነትን የሚቀሰቅሱትንና ደም ሥር የሚያበቅሉትን ኬሚካሎች ይቀንሳል፤ ፈሳሹም ይመጠጣል።

እስካሁን የታተሙት ሪፖርቶች ባመዛኙ በጥቂት ሕሙማን ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ከዴክሳሜታዞን ቅንጣት በፊት ትራያምሲኖሎን የሚባለውና ዋጋው እጅግ ያነሰው የስቴሮይድ መርፌ ለዚሁ ዓላማ ተሞክሯል፤ ዛሬም ይሠራበታል። ሪፖርቶቹን በአንድነት ያነበበ ሰው የሚረዳው ነገር ፈሳሹ በብዙዎቹ መቀነሱን ነው። እይታው ግን ያንኑ ያህል አይመለስም፤ ጨረሩ ራሱ ሬቲናውን ጎድቶታልና። በእኔ ግምት ቅንጣቷ ጠቃሚ ረዳት ናት። ረዳትነቷ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ዕጢው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅና በራሱ ሕክምና መታከም አለበት። ስቴሮይዱ የሜላኖማን ሴል አይገድልም፤ ወደ ጉበት መሠራጨቱንም አይገታም። ፈሳሽ ያደርቃል።

የሚያስከፍለው ዋጋም አለ፤ ዋጋ ስል ገንዘቡን ብቻ ማለቴ አይደለም። ቅንጣቷን ከሚወስዱት ከአራት ሰዎች በአንዱ ገደማ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ጭማሪው ከፍ የሚለው በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል ነው። አብዛኛው በጠብታ ይስተካከላል። ይሁን እንጂ ግፊት ሲጨምር ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ካልተለካ አይታወቅም። አዲስ አበባ ሄዶ ቅንጣቷን ያስገባ የመርሳ ሰው በሁለተኛው ወር ግፊቱን የሚለካለት ከሌለ፣ ከአንዱ የመታወር መንገድ አምልጦ በሌላው ሊሄድ ይችላል። የተፈጥሮ ሌንሱ ያለው ሰው የዓይን ሞራ ይወጣበታል። የሌንሱ የኋላ ከረጢት በቀደመ ቀዶ ሕክምና ከተቀደደ ቅንጣቷ ወደ ፊት ተንሸራትታ ብሌኑን ልትጎዳ ስለምትችል አይደረግለትም። በዓይኑ ኢንፌክሽን፣ ለምሳሌ ሄርፒስ፣ ያለበት ወይም ግላኮማው የገፋ ሰውም እንዲሁ። ማንኛውም ዓይን ውስጥ የሚገባ መርፌ ደግሞ ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመና እይታው ከወረደ፣ ቀጠሮው ገና ነው ተብሎ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም፤ በዕለቱ መላክ ያለበት ድንገተኛ ነው።

በሕፃን ዓይን ውስጥ ግን

እስካሁን የተናገርኩት በአብዛኛው ስለ አዋቂ ነው። በአገራችን ግን በዓይን ውስጥ ካንሰር ሬቲናው ተላቅቆ የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ በሽታውም ሬቲኖብላስቶማ ነው። በዓለም ደረጃ ከ16,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ይይዛል። በዘር ቢለያይም እንደ ሜላኖማ ጥቁሩን ሕዝብ የሚምር አይደለም፤ ሕፃናት በብዛት በሚወለዱባቸው አገሮች ቁጥሩም ይበዛል።

ይህ ዕጢ ከሬቲናው ራሱ ይነሣል። አንዳንዴ ወደ ዓይን መሐል ያድጋል፤ አንዳንዴ ወደ ኋላ፣ ከሬቲናው ሥር ያድግና ፈሳሽ እያመነጨ ሬቲናውን ሙሉ በሙሉ ያነሣዋል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው በመሣሪያው የሚያየው የተላቀቀ ሬቲና ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዕጢው ከኋላው ተደብቋል። ኮትስ የሚባለው፣ ካንሰር ያልሆነ የሕፃናት የደም ሥር በሽታም ተመሳሳይ መልክ አለው፤ ብዙውን ጊዜ በወንዶች ልጆች አንድ ዓይን ላይ ይመጣል፤ ፈሳሹም ወደ ቢጫ ያደላል። ለኮትስ ስቴሮይድ በመርፌ ከሌዘር ጋር ይሰጣል። ሁለቱን መለየት ለዓይን ስፔሻሊስትም ቀላል አይደለም። በአልትራሳውንድ የካልሲየም ክምችት መታየቱ ወደ ሬቲኖብላስቶማ ያመለክታል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሁሉ አንባቢ ይህን አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ሬቲኖብላስቶማ ያለበትን ዓይን ምንነቱ ሳይታወቅ በመርፌ መውጋት የካንሰሩ ሴሎች በመርፌው መንገድ ከዓይን ውጭ እንዲወጡ በር ይከፍታል። ዓይኑ ውስጥ ታስሮ ሳለ ሊድን የሚችለው በሽታ ወደ ዓይን ጎድጓዳ ከወጣ በኋላ ሌላ በሽታ ነው። ዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ስቴሮይድ ለዚህ ሕፃን አይሆንም፤ ለምርመራ ተብሎ ፈሳሽ መቅዳትም እንዲሁ። አዎን፣ ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ ፍራንሲስ ሙኒዬርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት ለተመረጡ የሬቲኖብላስቶማ ዓይኖች የካንሰር መድኃኒት በመርፌ ሊሰጥ ይችላል። የሚሰጠው ግን በሽታው ከታወቀ በኋላ፣ መርፌው የገባበት ቦታ ወዲያው በብርድ እየተቃጠለ፣ ለዚሁ በተደራጀ ማእከል ነው። የሚገባውም ካንሰር ገዳይ እንጂ ስቴሮይድ አይደለም።

ደግሞም አያስፈልግም። የሬቲኖብላስቶማ ሕፃን በቪንክሪስቲን፣ በኢቶፖሳይድና በካርቦፕላቲን ሲታከምና ዕጢው ሲቀንስ ፈሳሹ ባመዛኙ በራሱ ይመጠጣል፤ ሬቲናውም ይመለሳል። የእርጥበቱ ምንጭ ሲደርቅ ልስኑ ይቀመጣል እንደ ማለት ነው።

ስቴሮይድ በጠብታም ሆነ በሽሮፕ ሌላ ጉዳት አለው። ሬቲኖብላስቶማ አንዳንዴ የዓይን ብግነት ወይም የቆብ እብጠት መስሎ ይመጣል። ስቴሮይድ ሲሰጠው ቅላቱ ይቀንሳል፤ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ ዕጢው ያድጋል። በእነዚህ ሳምንታት የሚጠፋው ጊዜ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በግልጽ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና ከ153 አገሮች 4,351 አዲስ ሕሙማንን ያካተተው ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በከፍተኛ ገቢ አገሮች ሕፃናቱ ሲታወቁ መካከለኛ ዕድሜያቸው 14 ወር ገደማ ነበር፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 30 ወር። በመጀመሪያዎቹ በሽታው ከዓይን የወጣው ከመቶ ሁለት በማይሞሉት ነበር፤ በሁለተኛዎቹ በግማሽ ያህሉ። የእነዚሁ ሕፃናት የሦስት ዓመት ክትትል ሲታተም፣ በሀብታሞቹ አገሮች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መልኩ በሕይወት ነበሩ፤ በድሆቹ አገሮች ከአሥሩ ስድስት ያህል ብቻ። ለዚህ ሰፊ ልዩነት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ዘግይቶ መምጣት ነው፤ ይኸውም በመርሳ ደረጃ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

መርሳ ላይ ምን ይደረግ?

እንበል አንዲት እናት ከሃብሩ ገጠር ቀበሌ የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ሕመም የለም፤ ትጫወታለች፤ ትበላለች። እናቲቱ የምትለው «ማታ በባትሪ ብርሃን ዓይኗ እንደ ድመት ያበራል» ነው። ቀን በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ምንም የለም። በዚህ ጊዜ ቀላሉ ስሕተት «ምንም የላትም» ብሎ መመለስ ነው። እናት በማታ ያየችው በቀን ስለማይታይ ሐሰት አይሆንም፤ በጨለማ ብሌኑ ይሰፋል፤ የኋላው ይታያል። ክፍሉን አጨልሞ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት በኦፍታልሞስኮፕ ሁለቱን ዓይኖች በአንድ ጊዜ ማብራት ነው። ጤነኛ ዓይን ከብርሃኑ ጋር ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ይመልሳል። አንዱ ነጭ ወይም ፈዛዛ ከሆነ፣ ሁለቱም ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ልጅቱ አዲስ ሸውራራ ከሆነች፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ሬቲኖብላስቶማ ነው ብሎ መነሣት ይገባል። ነጩ ነገር የሕፃናት የዓይን ሞራ ሆኖ ሊገኝም ይችላል፤ እርሱም ቢሆን ቶሎ መታከም ያለበት ነው፤ በመላኳ የሚጎዳ የለም።

መንገዱ ረጅም ነው። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ደቡብ ደሴ ይገኛል፤ አዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት መሣሪያቸው ተዘርፎና ተሰባብሮ በነበረበት ጊዜ ይህ መንገድ ጨርሶ የተዘጋባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን በየደረጃው የሚሰጠው ቀጠሮ ሲደማመር ወራት ይበላል። በነጭ ብሌን የሚላክ ሕፃን በእያንዳንዱ እርከን ወረፋ መጠበቅ የለበትም። በስልክ አስቀድሞ መነጋገር፣ በሪፈር ወረቀቱም ላይ «የዓይን ችግር» ብሎ ከመተው «ሬቲኖብላስቶማ የሚጠረጠር፣ አስቸኳይ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። የዓይን ስፔሻሊስቶችና የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች ተባብረው የሚያክሙበት ቦታ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች፣ የመጨረሻው መድረሻ መሆኑን ቤተሰቡ ከመነሻው ይወቅ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደረጃውን የጠበቀ የሪፈር ወረቀት መያዛቸውን ማረጋገጥ የእኛ ፋንታ ነው፤ በወረቀት ጉድለት ከመንገድ የሚመለስ ሰው አለ።

ዓይኑ መውጣት አለበት ሲባል ቤተሰብ መንገሽገሹ ተፈጥሮ ነው። ጠበል የሚወስዱም ይኖራሉ። ይህን ማጣጣል ቤተሰቡን ከማራቅ በቀር የሚያተርፈው የለም፤ ጠበሉም ሕክምናውም አብሮ እንዲሄድ፣ የቀጠሮው ቀን ግን እንዳይታለፍ መነጋገር ይሻላል። ለእናቲቱ የሚነገረውም እውነቱ ይሁን፦ «እኅቴ፣ ይህ ዓይን ብርሃኑ ጠፍቷል። የምናወጣው በሽታው ወደ አንጎሏ እንዳይሄድ ነው። ሌላው ዓይኗ ያያል፤ በወጣው ቦታ ሰው ሠራሽ ዓይን ይደረግላታል፤ ትምህርት ቤት ትገባለች።» መርፌውን የጠየቀ አባት ካለም መልሱ አጭር ነው፤ ያ መርፌ ውኃውን ያደርቃል እንጂ በሽታውን አይነካም፤ ለእርሷ ዓይን ደግሞ አደገኛ ነው።

ዓይን ለሚያወጡ ባልደረቦች አንድ ነገር ልጨምር። የሕፃን ዓይን በማንኛውም ምክንያት ሲወጣ የዕይታው ነርቭ በተቻለ መጠን ረዝሞ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ይቆረጥ። የወጣው ዓይን ሳይከፈት በ10 በመቶ ፎርማሊን ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ። ካንሰሩ እስከ ነርቩ መቁረጫ ወይም በጥልቀት ወደ ኮሮይድ ደርሶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው፤ ሕፃኗ ተጨማሪ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋት አያስፈልጋት የሚወሰነውም በዚሁ ውጤት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ካሏትም ዓይናቸው ይታይ። ከሕሙማኑ 40 በመቶ ያህሉ ካንሰሩን ያመጣውን የአርቢ 1 ዘረ መል ጉድለት በመላ ሰውነታቸው ይዘው የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የታመሙት ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለችው ልጅ አድጋ ስትወልድ እያንዳንዱ ልጇ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ በካርዷ ላይ በሽታዋ በስሙ ይጻፍ፤ እናትየውም ስሙን እንድትይዘው ይነገራት፤ የልጅ ልጆቿ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይናቸው መታየት ይኖርበታልና።